የመጨረሻው ወራጅ

በሞሳ ወንዝ መሻገሪያ ከታንኳ የሚወረደው በሥርዓት ነው። መጀመሪያ ሰው ይወርዳል፤ ከዚያ ከብት፤ ከዚያ ጭነት። አሻጋሪው የሚወርደው ሁሉም መሬት ከረገጠ በኋላ ነው፤ እሱ ከቀደመ ታንኳዋን ከዳር አስጠግቶ የሚይዛት የለም። ድሩቶስ ይህን ከአባቱ ተምሮ ጢሙ እስኪሸብት ሠርቶበታል። ትከሻው ሰፊ፣ እግሩ ቀጭን ነበር። አብሮ አደጉ ኤፓቶስ «ከወገብ በላይ በሬ፣ ከወገብ በታች ሽመላ» ይለዋል።

የአገሩ ሕግ ግን ለኋለኛ ሰው አይራራም። ክተት ሲጠራ ጦር መያዝ የሚችል ወንድ ሁሉ ከማዶው ኮረብታ ላይ ይሰበሰባል፤ ከሁሉ ዘግይቶ የደረሰው በጉባኤው ፊት ይገደላል። ሕጉ ጨካኝ መሆኑን የሚክድ አልነበረም፤ ቢሆንም ሰው ሁሉ ይሮጥ ነበር። ሌላውን ሁሉ አሻግሮ መጨረሻ የሚደርስ ሰው በዚህ ሕግ ገና ሳይነሳ የሞተ ነው። ስለዚህ በድሩቶስ አያት ዘመን መላ ተበጀለት። የአሻጋሪው ጦር በመጀመሪያው ታንኳ ይሻገርና ከጉባኤው መካከል ይተከላል፤ ጦሩ ከቆመ ሰውየው እንደቆመ ይቆጠራል። ጦሩ በሕግ አዋቂ ፊት የተማለበት ነው። ከአያት ለአባት፣ ከአባት ለድሩቶስ ወርዶ በቤቱ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር።

ሮማውያን መጀመሪያ የመጡት በወይን ጠጅ ነው። ነጋዴዎቻቸው ረጃጅም የሸክላ እንስራ ጭነው ሲመጡ ድሩቶስ አሻገራቸው። ቀጥሎ ወታደሮቻቸው መጡ፤ እነሱንም አሻገረ፤ ምክንያቱም ከወንዙ ማዶና ማዶ ያሉት አለቆች በሮማውያን ወዳጅነት ይሽቀዳደሙ ነበር። በሦስተኛው በጋ ወታደሮቹ ወደ አገራቸው መመለስ ተዉ። ከመሻገሪያው አጠገብ ኬላ ሠሩ፤ የኬላው አጥር ከድሩቶስ የአሳማ በረት ጋር ተገጠመ። ከዚያ ወዲህ ድሩቶስ የሚነሳው በዶሮው ሳይሆን በእነሱ መለከት ሆነ። ሚስቱ ባኖና እንቁላልና የገብስ ጠላ ትሸጥላቸው ነበር። ጠላው ይሸታል እያሉ አፍንጫቸውን ይዘው ይጠጡታል፤ ደግሞ ቅጂልን ይላሉ።

በዚያው ዓመት መኸር ላይ አዋጅ ወጣ፤ የጦር መሣሪያ ያለው ሁሉ ለኬላው ያስረክብ ተባለ። ሌላው ሰው ጦሩን በሣር ክዳኑ ውስጥ ሸሸገ፤ ወይም ከአሳማ ጋጣ ሥር ቀበረ። ድሩቶስ ይህን ማድረግ አልቻለም። ወታደሮቹ ቤቱን እንደ ራሳቸው ቤት ይገቡበታል፤ ዝናብ ሲመጣም ከምሰሶው ሥር ተቀምጠው እግራቸውን ያሞቃሉ። የአያቱን ጦር አውጥቶ በእጁ ሊሰጣቸው ደግሞ አልወደደም። የአገሩ ሰው የተከበረን መሣሪያ ከጠላት እጅ የሚያድንበት አንድ መንገድ አለ፤ ድሩቶስም ያንን አደረገ። የጦሩን ብረት በባኖና ምድጃ አግሎ፣ በድንጋይ ቀጥቅጦ አጎበጠው፤ ለውሃው አምላክ የሚሰጥ መሣሪያ አስቀድሞ መሞት አለበትና። ከዚያ ሁለቱም ታንኳዋ ላይ ወጥተው፣ ውሃው ጠቁሮ ከሚሽከረከርበት ከወንዙ መካከል ጣሉት።

«አሁን ገና እንቅልፍ ይወስደኛል» አለች ባኖና።

ለሮማውያኑ ዓሣ የሚወጋበትን ሹካ አስረከበ። የኬላው አለቃ በአስተርጓሚ፣ «በዚህ ሮምን ልትወጋት ነበር?» ብሎ ሳቀ። ድሩቶስም አብሮ ሳቀ።

ክተት በዚያን ጊዜ በማንም ሐሳብ አልነበረም። ሰው የሚያስበው ሮማውያን ስለወሰዱት እህል ነበር። ክረምቱን በሥራ ሥርና በጨው በታሸ የአሳማ ሥጋ ገፉት። በረዶው ቀልጦ ወንዙ ሲሞላ ኤፓቶስ በበቅሎ መጣ። ኤፓቶስ የአለቃ ወንድ ልጅ ነው። በአገሩ ልማድ ጡት እንደተወ ለማደጎ ተሰጥቶ ከድሩቶስ ጋር በአንድ ቆዳ ላይ ተኝቶ ያደገ ነው። በወጣትነቱ በቅሎ ረግጣ እግሩን ሰብራዋለች፤ እሱ ግን በቅሎ ማርባቱን አልተወም።

«አንተ ከወገብ በላይ በሬ! አለህ?»

«ቀስ በል፤ ጎረቤት አለኝ» አለ ድሩቶስ በአገጩ ወደ ኬላው እያመለከተ።

«እነሱ የኛን ቋንቋ ከፍየል ጩኸት መቼ ይለዩታል! ባኖና፣ እህቴ፣ ያ የሚሸተው ጠላ አለሽ?» ተቀምጦ አንካሳ እግሩን ዘረጋ። ድምፁን ግን ዝቅ አደረገ። «አለቃ ካማሎስ ክተት ጠርቷል። ጨረቃ በሞላች ማግስት፣ ጎህ ሲቀድ። ፀሐይ ከኮረብታው ጥድ በላይ ስትወጣ መለከት ይነፋል፤ ያኔ ያበቃል። እናቱ ሞተች ይባላል፤ ሰው ለቀብር እንደሚሄድ ሆኖ ባዶ እጁን ይሻገራል። መሣሪያው በድርቆሽ ሥር ሆኖ አስቀድሞ በአንተ ታንኳ ይሄዳል።»

«እናቱ ከሞተች ቆየች እኮ።»

«ሮማውያን አላወቋትም። ሁለት ጊዜ ብትሞት ምን ገዷቸው?» ኤፓቶስ ጠላውን ጠጣና አፉን ጠረገ። «ጦርህን ከመጀመሪያው ጭነት ጋር ላካት እንግዲህ።»

የባኖና ጭልፋ እንስራው አፍ ላይ ቀረ። ድሩቶስ ወደ ምሰሶው አየ፤ ኤፓቶስም ተከትሎ አየ። ምሰሶው ላይ የተሰቀለው የሽንኩርት ጉንጉን ነበር።

«የት አለች?»

«ለውሃው ሰጠኋት።»

ኤፓቶስ የጠላውን ዋንጫ መሬት ላይ አስቀመጠ። «ጦሯን አድነህ ራስህን አሰጠምክ» አለ።

ድሩቶስ በማግስቱ ወደ ሕግ አዋቂው ወደ ታስጊሎስ ሄደ። ሽማግሌው ደጁ ላይ ተቀምጦ ዓሣ ይከፍት ነበር።

«አባቴ፣ ሌላ ጦር ባሠራስ?»

«የፊተኛዋ ለአያትህ የቆመችው ስለተማለባት ነው። አዲሷ ማንን ታውቃለች?»

«ማሉባታ!»

«በክተት ጊዜ መሐላ አይታደስም። ይህንንስ አባትህ ሳይነግርህ አልቀረም።»

«እንግዲያው ጠልቄ ያችኑ ባወጣትስ? ያረፈችበትን አውቀዋለሁ።»

ታስጊሎስ ቢላዋውን አስቀመጠ። «የአምላክን ንብረት ሊሰርቅ ያሰበ ሰው ወደ ቤቴ ሲመጣ አስቀድሞ ቢያስታውቀኝ ጥሩ ነው። የልጅ ልጆቼን ከግቢ አወጣ ነበር።»

«ታንኳዋን ለሌላ ሰጥቼ ቀድሜ ልሻገር?»

«ለማን ትሰጣለህ? የተቀበለህ እሱ መጨረሻ ይሆናል። ደግሞ ወንዙ ሞልቷል፤ እጁ ያልለመደ ሰው ቢቀዝፍ የሚሞተው አንድ ሰው ብቻ አይሆንም።»

«ስለዚህ ፈረዱብኝ።»

«እኔ ዓሣዬን እከፍታለሁ እንጂ በማንም አልፈረድኩም። ውሃው የሰጠኸውን ተቀብሏል፤ ልክ ነው። ሕጉም መጨረሻ የመጣውን ይጠይቃል፤ ልክ ነው። ችግሩ አንተ ከሁለቱ መካከል መግባትህ ነው።» ከዚያ የተከፈተውን ዓሣ በቅጠል ጠቅልሎ ሰጠው። «ለባኖና ስጣት።»

ባኖና ዓሣውን አልጠበሰችውም። እሳቱ ዳር ተቀምጣ፣ «እንሽሽ» አለች።

«ወዴት? ወደ ላይ ብንወጣ የካማሎስ አገር ነው። ወደ ታች ብንወርድ ሮማውያን ወንዙን በታንኳ ድልድይ ዘግተውታል።»

«እንግዲያው ንገራቸው።» ወደ አጥሩ አላየችም፤ እሱ ግን ገባው። «ርቀቱ ከዚህ እስከዚያ ነው፤ ዶሮዎቼ እንኳ ሲሻገሩት ይውላሉ። ክተቱ ከቀረ የሚዘገይ የለም፤ የሚገደልም የለም።»

ድሩቶስ ተነሥቶ ወጣ። የኬላው በር ላይ ጉንጩ በብርድ የቀላ ወታደር ጠጠር እየወረወረ ከራሱ ጋር ይጫወት ነበር። ድሩቶስን ሲያይ ጥቂት ከለመዳቸው የአገሩ ቃላት አንዱን አወጣ፤ «እንቁላል?» አለ። ድሩቶስ አፉን ከፈተ። ካማሎስን አላሰበም፤ ካማሎስን አይወደውም። ያሰበው የሚሻገሩትን ነበር፤ ማን ከታንኳዋ ጎን እንደሚቀመጥ፣ ማን ውሃ እንደሚፈራ፣ ማን ሁልጊዜ ምሳውን መሐል ወንዝ ላይ እንደሚጨርስ ያውቃል።

«ነገ እንቁላል የለም» አለና ተመለሰ።

ባኖና መልሱን ከፊቱ አነበበች። ዓሣውን ያኔ ጠበሰችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ደግ ሆነለት። ድርቆሽ ሊያሻግር የመጣው ሁሉ አይብ ወይም ማር ይዞለት ይመጣል፤ ስለ ዋጋ የሚከራከረው አናጢ ሳይከራከር ቀረ። የሰፈሩ ሴቶች ባኖናን ሲያገኟት እጇን ይይዛሉ። ድሩቶስ ማሩን ሲበላ ጣዕሙ አልተሰማውም። አንዴ ሽማግሌ ዘመዱ አይቡን አሳልፎ ሲሰጠው፣ «ገና አልሞትኩም እኮ!» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው፣ «አዎ፣ አዎ ልጄ» አለና ሌላ አይብ ጨመረለት።

የክተቱ ቀን ጎህ ሲቀድ ዳሩ በሰው ሞላ። ወታደሮቹ ከአጥራቸው ላይ ሆነው ለቀብር የሚሄደውን ሕዝብ ያያሉ፤ አንዳንዱ በአክብሮት የራስ ቁሩን አወለቀ። ድሩቶስ ይቀዝፋል፣ ያወርዳል፣ ይመለሳል። ሰዎቹ መሬት ሲረግጡ ዳገቱን በሩጫ ይይዙታል፤ ዞሮ ያየው አልነበረም። ወንዙ የተነቀለ ዛፍ ያመጣል፤ እሱን እየሸሸ ሲቀዝፍ ክንዱ ዛለ።

ከመጨረሻው በፊት በነበረው ጭነት ቪንዶስ መጣ። ቪንዶስ ጋሪ ሠሪ ነው፤ ባለፈው መኸር ቢሊያ የምትባለውን የቆዳ ፋቂ ልጅ አግብቷል። ማዶ ሲደርሱ ውሃው የታንኳዋን ጅራት እየጎተተ አስቸገረ።

«ቪንዶስ፣ አንተ ጉልበት አለህ፤ ወርደህ ገመዱን ያዝልኝ፤ ሌሎቹ ይውጡ» አለ ድሩቶስ።

«እሺ ጋሼ።» ቪንዶስ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ገመዱን ያዘ። ሌሎቹ በአጠገቡ እያለፉ ሮጡ። እሱም በመጨረሻ ገመዱን ወደ ታንኳዋ ወርውሮ፣ «በርታ ጋሼ» አለና ተከተላቸው።

ድሩቶስ ሲመለስ ከዳሩ ላይ የቀሩት ባኖናና ኤፓቶስ ብቻ ነበሩ።

«የት ቆየህ? በቅሎ እያለህ!» አለ ድሩቶስ።

«በቅሎዬን አሟት ነበር።»

በቅሎዋ ከኋላው ሣር ትግጣለች። ኤፓቶስ እግሩን እየጎተተ ገባና ከታንኳዋ ሆድ ውስጥ ተቀመጠ። ባኖና ባሏን አላቀፈችውም፤ የካባውን መያዣ አስተካከለችለት፤ ከዚያ ደግሞ አስተካከለችለት።

መሐል ወንዝ ሲደርሱ ኤፓቶስ ተናገረ። «ስንደርስ ቀድመህ ትወርዳለህ።»

«አሻጋሪ ቀድሞ አይወርድም።»

«ዛሬ ይወርዳል። እኔ እግሬ ተይዟል፤ መነሣት አልችልም።»

«ኤፓቶስ፣ አትቀልድ።»

«መቼ ቀለድኩ? ሚስቴ ከሞተች ቆየች። ልጅ የለኝም። ያሉኝ በቅሎዎች ናቸው፤ እነሱም ይራገጣሉ። አንተ ብትሞት ይህን ሁሉ ሕዝብ ማን ይመልሰዋል? እኔ ልቀዝፍ?»

«ተነሥተህ ትወርዳለህ። ካልሆነ ተሸክሜ አወርድሃለሁ።»

«ሞክር! በዚያ በሽመላ እግርህ! ተሸክመኸኝ ከወረድክ አንተም ወረድክ ማለት ነው፤ ማን ቀደመ ብለው እስኪጨቃጨቁ ደግሞ ሁለታችንን ይገድሉናል።»

ድሩቶስ መቅዘፊያውን ውሃው ውስጥ እንደነከረ ያዘው። ታንኳዋ አቅጣጫዋን ሳተች። ከኮረብታው ሥር የካማሎስ ጠሪ ቆሞ ይጣራል፤ ከጥዱ ጀርባ ሰማዩ ነጥቷል። ድሩቶስ ከፊቱ ያለውን ዳር አየ፤ ከዚያ ላይ ከሁለቱ አንዱ ይሞታል። ከኋላው ያለውን ዳር አየ፤ ባኖና እንዳለች ቆማለች፤ ከጀርባዋ ኬላው ነው። ምንም አልወሰነም። ክንዱ ግን ዝለቱ በሙሉ ለቀቀውና በግራ በኩል መቅዘፍ ጀመረ። ታንኳዋ ዞረች።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ ኤፓቶስ።

«ማንም አይወርድም።»

«ከቀረን እኮ ከሕግ ውጪ ነን። ማዶ ላይ ያገኘን ሁሉ ቢገድለን ደማችን አይጠየቅም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ቅዘፍ» አለ ኤፓቶስ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አይታወቅም ነበር።

ወደ ዳሩ ሲቃረቡ መለከቱ ተነፋ። ቀጥሎ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ድምፅ የጮኸው ጩኸት በውሃው ላይ መጣ።

ኤፓቶስ እጁን ከፊቱ አነሣ። ሳቁ ጠፍቷል። «ድሩቶስ፤ ከእኔ በፊት ያሻገርከው ማንን ነበር? መጨረሻ የወረደው ማን ነው?»

ድሩቶስ ቁልቁል አየ። ገመዱ ከእግሩ ሥር ነበር፤ የቪንዶስ እጅ ያስነካው ጭቃ ገና አልደረቀም።

የካማሎስ ጦርነት እህል ሳይታጨድ አለቀ። ከኮረብታው የወረዱት ከግማሽ በላይ አልተመለሱም። የተመለሱት እንደገና አረሱ፤ እንደገና እህላቸውን ለሮማውያን ሰፈሩ፤ ወደ ማዶ ገበያ ለመሄድም እንደገና ታንኳ አስፈለጋቸው። የኬላው አለቃ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ድሩቶስን አስጠርቶ፣ «በክህደቱ ቀን ታንኳውን መልሶ ወደ እኛ የመጣ ታማኝ ሰው» ብሎ አመሰገነው፤ ወፍራም የወታደር ካባም አለበሰው። ድሩቶስ ነገሩ እንዲያ እንዳልሆነ ሊናገር አይችልም ነበር፤ እንዲያ ካልሆነ ሌላ ምን እንደሆነ ይጠየቃልና። ሕዝቡ አለቃውን አምኖ ሄደ። ድሩቶስ በክረምት ብርዱ ሲጠና ካባውን ለበሰው፤ ሌላ ብርድ የሚመክት አልነበረውም።

ኤፓቶስ በቅሎዎቹን ይዞ ከድሩቶስ ግቢ ገባ። ይቀልዳል፤ ስለ በሬና ስለ ሽመላ ግን ዳግመኛ አላነሣም። ድሩቶስ በየቀኑ የታንኳዋን አፍንጫ ከማዶው ጭቃ ላይ ያሳርፋል፤ ሰው ያወርዳል፤ መቅዘፊያውን ተክሎ ይጠብቃል። እግሩን አያወርድም። የዚያ ዳር ሕግ ሮማውያን ካሸነፉም በኋላ ያው ነው፤ ያገኘው ሁሉ ሊገድለው ይችላል። ተሳፋሪዎቹ ዋጋቸውን ከታንኳዋ ወለል ላይ ያስቀምጣሉ እንጂ በእጁ አይሰጡትም።

ቢሊያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ላይ ርቃ፣ ከሌላ መሻገሪያ ስትሻገር ኖረች። በሦስተኛው ዓመት ጎርፍ ያንን መሻገሪያ ወሰደው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ልጇን አቅፋ፣ የአይብ ቅርጫት ይዛ ዳሩ ላይ ቆመች።

«ትሻገሪያለሽ?» አለ ድሩቶስ።

«ታዲያ ውሃ ልቀዳ የመጣሁ መሰለህ?»

ገብታ ተቀመጠች። ልጁ እጁን ወደ ውሃው ይሰዳል፤ እሷ ትመልሰዋለች። ማዶ ሲደርሱ ወረደች፤ ልጁን በአንድ ክንዷ ይዛ ቅርጫቱን በሌላው ብትስብ ዳገቱ አንሸራተታት። ቅርጫቱን ሣሩ ላይ አኖረችና ዞረች።

«እስከ ላይ ታደርስልኛለህ?»

«አልችልም። ታውቂዋለሽ።»

«ማንም የለም።»

ድሩቶስ ወደ መንገዱ አየ። ከዛፎቹ ሥር አንዲት ላም ብቻ ትታያለች። ከዚያ ቢሊያን አያት። ፊቷ ላይ ቁጣም ይቅርታም የለም፤ መልስ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር።

«አንቺ አለሽ» አለ።

«እኔማ አለሁ።»

ቆማ ጠበቀችው። እሱም መቅዘፊያውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆመ፤ ውሃው የታንኳዋን ጅራት ቀስ እያለ ይስባል። በኋላ ቢሊያ ልጁን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች፤ ቅርጫቱን ራሷ አንሥታ ጭቃው ላይ በጉልበቷ እየተደገፈች መውጣት ጀመረች። ከኬላው በኩል የስንዴ ጭነት ደርሷልና ቶሎ ና እያሉ ይጣሩ ነበር። ድሩቶስ እሷ ከዳገቱ ጫፍ እስክትደርስ አልተነቃነቀም፤ ከዚያ መቅዘፊያውን ነቀለ።